አምስተኛው አንቀጽ

(ጄኔቫ፤ ስለ ፈንጂ ተጎጂዎች የሚመክረው ጉባኤ ሊከፈት ሲል፣ አምባሳደር ይልቃል እና ረቂቁን ያዘጋጀችው አማካሪያቸው የትናየት በአዳራሹ ደጃፍ ቆመው።)

ይልቃል፦ አምስተኛውን አንቀጽ ብቻ አውጪው ነው የምልሽ። ረቂቁን እንዳለ ጣይው አላልኩም።

የትናየት፦ እሱ ከወጣ የሚቀረው የሐዘን መግለጫ ነው፣ ክቡር አምባሳደር።

ይልቃል፦ ፈንጂ ያመረቱ አገሮች ለተጎጂዎች ካሳ ይክፈሉ ካልሽ አሜሪካ ትቆጣለች። እሷ ከተቆጣች ጃፓን ከጎናችን ትሸሻለች። ጃፓን ከሸሸች ደግሞ ለተጎጂዎቹ ሰው ሠራሽ እግር ማን ገንዘብ ያወጣል?

የትናየት፦ ጃፓን ትሸሻለች ያለዎት ማን ነው?

ይልቃል፦ የጃፓኑ ተወካይ፣ ሞሪታ። ትናንት ምሳ ጋብዤው አንቀጹን አነሣና ለእኛ ትንሽ ይቸግረናል አለኝ። እኔም እናወጣዋለን አልኩት።

የትናየት፦ አውጡልኝ ብሎዎታል?

ይልቃል፦ አላለም። ግን ሰው ማዕዴ ላይ ተቀምጦ ቸገረኝ ሲል ባዶ እጁን ልሸኘው?

የትናየት፦ ይሉኝታ ይዞዎት ነዋ። እሱ ችግሩን ነገረዎት፣ እርስዎ የእኛን አንቀጽ ጠቅልለው ሰጡት።

ይልቃል፦ ብሰጠውስ? ውሻ በበላበት ይጮኻል። ጃፓን ያለችው በአሜሪካ ጥላ ሥር ነው፤ ጦሩም እዚያው አገሯ ሰፍሯል። ከዚያ ጥላ ወጥታ ለእኛ እጅ አታወጣም።

የትናየት፦ አገር እንደዚያ አይሰደብም። የፈንጂ እገዳውን ውል አሜሪካ ሳትፈርም ጃፓን ፈርማለች።

ይልቃል፦ በጦር ሰፈሩ ያለው የአሜሪካኖቹ ፈንጂስ?

የትናየት፦ የራሷን አጠፋች። የእነሱን የእኔ አይደለም ብላ አለፈችው። ወዳጇን ፊት ለፊት ሳትነካ የምታልፍበት መንገድ ካገኘች ትራመዳለች።

ይልቃል፦ የኑክሌሩንስ? ቦምቡ የወደቀባት እሷ፣ እገዳውን ያልፈረመችም እሷ።

የትናየት፦ እዚያ የተጠየቀችው ጥላውን ራሱን ትታ እንድትወጣ ነበር። እኛ ያንን አልጠየቅናትም። አንቀጹ ለብቻው ድምፅ ይሰጥበት ብለን እንጠይቅ። በእሱ ላይ ድምፀ ተአቅቦ ታድርግ፤ በጠቅላላው ረቂቅ ላይ ትደግፈን።

ይልቃል፦ ይህን ከየት አመጣሽው?

የትናየት፦ ከሞሪታ ምክትል። ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝቻት ምን ቢደረግ ይቀልላችኋል ብዬ ጠየቅኋት። ለብቻው ድምፅ ከተሰጠበት ለዋና ከተማቸው ማስረዳት እንደማይከብዳቸው ነገረችኝ። ስለ ማውጣት አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ይልቃል፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! እኔ እኮ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

የትናየት፦ የሰጡት የእርስዎን አይደለም። እግራቸውን ያጡትን ሰዎች አንቀጽ ነው።

ይልቃል፦ የትናየት፣ እህቴ፣ ይህ አንቀጽ ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤትሽ ፈንጂ በተቀበረበት በዚያ መንገድ መኪናው...

የትናየት፦ ባለቤቴን እዚህ አያምጡብኝ።

ይልቃል፦ ላጽናናሽ ብዬ ነው።

የትናየት፦ ተጽናንቻለሁ። አንቀጹ ያለ እሱም ይቆማል፤ እንዲቆም አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ይልቃል፦ እሺ፣ እኔ የልዑካኑ መሪ ነኝ። ገብቼ አንቀጹን አውጥተናል ብልስ?

የትናየት፦ ይችላሉ፤ ሥልጣኑ የእርስዎ ነው። ግን ረቂቁን ሌላ ሰው ያንብብልዎ። እኔ ላይኛው ረድፍ፣ ተጎጂዎቹ ዘንድ ሄጄ እቀመጣለሁ። ለምን ወጣ ብለው ሲጠይቁኝም አልዋሻቸውም።

ይልቃል፦ ምን ልትያቸው ነው?

የትናየት፦ ጃፓን አልከለከለችንም፣ አሜሪካም ገና አልተናገረችም፤ እኛው ቀድመን ፈራን እላቸዋለሁ።

ይልቃል፦ በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?

የትናየት፦ ካልጠየቁኝ አልናገርም።

ይልቃል፦ ይጠይቃሉ እንጂ። ያ በክራንች የሚሄደው ሽማግሌ ትናንት እኔንም ሲጠይቀኝ ነበር።

የትናየት፦ ምን አሉት?

ይልቃል፦ ሞሪታ በየትኛው በር ነው የሚገባው? አንቀጹ አይወጣም፣ ለብቻው ድምፅ ይሰጥበታል ልበለው።