ለዕርቅ ምሳ የተሠራ ፀጉር

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ገርጂ ውስጥ ያለች አንዲት የሴቶች ፀጉር ቤት፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ የቤቱ ባለቤት ዘውድነሽና የአራት ዓመት ደንበኛዋ ትርሲት ብቻቸውን መስታወቱ ፊት ናቸው።

ዘውድነሽ፦ አልሠራውም አልኩሽ! የተመታ ፊት እሸፍናለሁ እንጂ ደህና ፊት ላይ ምት አልቀባም።

ትርሲት፦ ደህና ያልሽው የቱን ነው?

ዘውድነሽ፦ ይኸው መስታወቱ። የተላጠ እንቁላል መስሎ ቁጭ ብሏል። በዚህ ፊት ላይ ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?

ትርሲት፦ ዓይኔ ሥር ሐምራዊ። ከንፈሬን ትንሽ አብጦ የተሰነጠቀ አስመስይው። ለቴአትር ሰዎች ትሠሪ አልነበር?

ዘውድነሽ፦ እሱ ቴአትር ነው፣ ይሄ ውሸት ነው።

ትርሲት፦ ውሸቱማ ይሄ ንጹህ ፊቴ ነው። ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ስቀርብ ጋሽ ደምሰው አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝና «ልጄ፣ ምንም የለብሽም እኮ» አሉኝ። ሊገዙኝ የመጡ ነው የመሰለኝ።

ዘውድነሽ፦ ጋሽ ደምሰው የትኛው ናቸው?

ትርሲት፦ የባሌ የይድነቃቸው አጎት። ያጋቡንም እሳቸው፣ የሚያስታርቁንም እሳቸው። ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ክትፎ ቤት ተቀጥረናል። እናቴም ትመጣለች።

ዘውድነሽ፦ ሰው ቤት ውስጥ ነው የሚታረቀው!

ትርሲት፦ የኔ ባል ሰው ፊት ነው ደስ የሚለው። በእጁ ያጎርሰኛል፣ እጎርሳለሁ፣ እነሱ ያጨበጭባሉ፣ አለቀ። እጄን ታጥቤ መኪናው ውስጥ እገባለሁ።

ዘውድነሽ፦ አትጉረሺያ! አፍሽ የራስሽ አይደለም?

ትርሲት፦ ሶስናስ? እህቴ ቤት ከገባሁ ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ ልጄ እሱ እናት ጋ ናት። በስልክ እንኳን አያቀርቧትም። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ግን ክሱ ጊዜ ይፈልጋል። የአራት ዓመት ልጅ ምን ጊዜ አላት? ይድነቃቸው የሚፈራው አንድ ሰው አጎቱን ነው። እሳቸው «ልጅቷን ለእናቷ ስጥ» ካሉት ዛሬውኑ ይሰጠኛል። እሳቸው ደግሞ ካላዩ አያምኑም።

ዘውድነሽ፦ ጀርባሽን አሳዪያቸዋ።

ትርሲት፦ ክትፎ ቤት ውስጥ ቀሚሴን ልግለብላቸው? እሱም ቢሆን ቢጫ ሆኖ እየጠፋ ነው።

ዘውድነሽ፦ ቆይ፣ አንድ ቀን እንኳን ፊትሽን ነክቶት አያውቅም?

ትርሲት፦ ፊቴን አይነካም። በራሱ አፍ ነው የነገረኝ። «ፊትሽ የሰው ነው፤ ከአንገትሽ በታችና ከፀጉርሽ ሥር ያለው የኔ ነው» ብሎኛል። ጥርሱን እየፋቀ ነበር የሚናገረው።

ዘውድነሽ፦ የእባብ ልጅ! እኔ ደግሞ ባል ማለት እሱ ነው እያልኩ ስንት ቀን ቀናሁብሽ። በየሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ አዲስ ምግብ ቤት፣ አዲስ ሳህን፣ አዲስ ፎቶ። የኔን ባል «የትርሲትን ባል እየው፣ አንተ ከሰፈር ሽሮ ቤት አልፈህ አታውቅም» እያልኩ ነፍሱን በላሁት።

ትርሲት፦ ይቅርታ ጠይቂው። እኔ ሽሮ ቤት የምሄደው ግድግዳ ጋር ሲገፈትረኝ ብቻ ነው። ከመታኝ በኋላ ነው የሚጋብዘኝ፤ ለግፍትሪያ ተጋቢኖ።

ዘውድነሽ፦ ምን?

ትርሲት፦ ያ የአሳ ጉላሹ ፎቶ ትዝ ይልሻል? አንቺ ልብ ያደረግሽበት? ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጎኔን በጫማው ረግጦኝ ነበር። ሹካ ባነሳሁ ቁጥር ትንፋሼ ይቆረጣል። እሱ እሾሁን እየለቀመልኝ ያጎርሰኛል፤ ከጎናችን ያሉት ሴቶች «ታድላ» ሲሉ እሰማለሁ።

ዘውድነሽ፦ ኧረ በስመአብ!

ትርሲት፦ ፒዛ ቤት ደግሞ ጣቴን በር ላይ የዘጋብኝ ጊዜ ነው። በግራ እጄ ስበላ አስተናጋጁ ሳቀብኝ፣ ይድነቃቸውም አብሮ ሳቀ። ፎቅ ላይ ያለው ሆቴል፣ ቡፌው፣ እሱ የጭንቅላቴ ነው። በሲጋራ መተርኮሻ። ቡፌ ላይ ተሰልፌ ሰላጣው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ምግብ ቤት የት ነው ብለሽ እኔን ጠይቂኝ፤ ከየትኛው አጥንቴ ጋር እንደሆነም እነግርሻለሁ።

ዘውድነሽ፦ እኔ እኮ ለዚያ ቡፌ የቀባሁሽ ነኝ። «ቀይ ሊፕስቲክ ይሁንልሽ፣ ገርጥተሻል» አልኩሽ።

ትርሲት፦ ቆንጆ ነበር። ፎቶውን ሦስት መቶ ሰው ወዶልኛል።

ዘውድነሽ፦ አትቀልጂ ትርሲት! አሁን ያ ሰው በዚህ በር ቢገባ ይሄን የጋለ የፀጉር ፒያስትራ ዓይኑ ውስጥ ነበር የምከተው።

ትርሲት፦ እኔ ደግሞ ትናንት እህቴ ወጥ ቤት ቢላ ይዤ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ሽንኩርቱ ከተከተፈ ቆይቷል፣ እኔ ግን ቢላውን አልለቅም። ምን ያህል ይገባል ብዬ እያሰብኩ ነበር። እውነቴን ነው። እንዲህ ያለ ሰው አልነበርኩም።

ዘውድነሽ፦ ተይ፣ ተይ። ቢላ ከያዝሽ ሶስናን ዘላለም አታገኚያትም።

ትርሲት፦ ለዚህ እኮ ነው ቀለም ያዢልኝ የምልሽ።

ዘውድነሽ፦ እሺ ቁጭ በይ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሠራዋለሁ። የትኛው ዓይን?

ትርሲት፦ ግራው።

ዘውድነሽ፦ ባልሽ በየትኛው እጁ ነው የሚመታው?

ትርሲት፦ ግራኝ ነው።

ዘውድነሽ፦ ግራኝ ሰው ፊት ለፊትሽ ቆሞ ቢመታሽ የሚያርፈው ቀኝሽ ላይ ነዋ! ያሳደጉት አጎቱ ይሄን አያውቁም? አንድ ጊዜ አይተው «ይሄንንስ ማን መታሽ?» ይሉሻል።

ትርሲት፦ ቀኙ ይሁን በቃ።

ዘውድነሽ፦ ደግሞ ዘጠኝ ቀን የሆነው ምት ሐምራዊ አይደለም፣ አረንጓዴ ነው፤ እሑድ ምንም ያላዩብሽ ሰውዬም ዛሬ ከየት መጣ ይሉሻል። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ሚጥሚጣው ያልብሻል፣ እናትሽ «ልጄን!» ብለው በነጠላቸው ዓይንሽን ይጠርጋሉ፣ ምቱ ከነአረንጓዴው ነጠላቸው ላይ ይቀራል። አበቃ። ከዚያ በኋላ እውነትሽንም ብትናገሪ የሚሰማሽ የለም።

ትርሲት፦ የማይለቅ ቀለም የለሽም?

ዘውድነሽ፦ ላብና እናት የማያስለቅቁት ቀለም የለም። እስቲ ለማንኛውም ፀጉርሽን ወደ ኋላ ልሰብስበው። ምነው?

ትርሲት፦ ምንም። ቀጥይ።

ዘውድነሽ፦ እንዴት ምንም? ከወንበሩ ዘለሽ እኮ! እዚህ ጋ አብጧል። ከሁለት ወር በፊት የረገፈብሽን ቦታ ልሸፍን የሰፋሁልሽ ሂውማን ሄር ሥር ነው።

ትርሲት፦ እሱን አትንኪው። ዛሬ አጥብቀሽ ብቻ እሰሪልኝ።

ዘውድነሽ፦ ክሩን ልፈታው ነው፣ እንዳትነቃነቂ። መቀሱ ስል ነው። ወይኔ! ወይኔ ትርሲት! ይሄ ምንድን ነው? ሁለት ወር ሙሉ ፀጉር አልበቀለበትም፤ ከጎኑ ደግሞ አዲስ አለ፣ ገና ቅርፊት የያዘ!

ትርሲት፦ የድሮው ያን ጊዜ ያሳየሁሽ ነው። አዲሱ የዘጠኝ ቀኑ ነው።

ዘውድነሽ፦ ያን ጊዜ የረገፈ ነው እንጂ ተነቀለ አላልሽኝም!

ትርሲት፦ እኔ ምንም አላልኩሽም። ገና ሻሼን ሳወልቅ «አይዞሽ፣ የደም ማነስ ነው፣ የብዙ ሴት ነው» አልሽኝ። ነጭ ሽንኩርት እሺበት ብለሽ መከርሽኝ።

ዘውድነሽ፦ እሽተሽው ነበር?

ትርሲት፦ ሦስት ቀን። ሲያቃጥለኝ በማልቀሴ ደስ አለኝ፤ የሽንኩርት ነው ማለት ይቻል ነበር።

ዘውድነሽ፦ ሃያ ዓመት ፀጉር ሠርቼ የረገፈና የተነቀለ አልለይ? እኔ በላዩ ሹሩባ ጎንጉኜ፣ መርፌ ወግቼበት፣ «አሁን ሙሽራ መሰልሽ» ብዬ ለሱ መልሼ ላክሁሽ። እጄን ይቁረጠው!

ትርሲት፦ አንቺ አይደለሽም የነቀልሽው። ከወጥ ቤት እስከ መኝታ ቤት ነው የጎተተኝ። ሁለት ጊዜ እጁ ላይ ጠቀለለውና ጎተተኝ። በማግስቱ ሶስና ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሬን ስትለቅም አገኘኋት፤ መላጣ አሻንጉሊቷ ላይ በምራቋ ልትለጥፈው። «እማዬ፣ ላንቺ ብዙ አለሽ አይደል?» አለችኝ።

ዘውድነሽ፦ በቃ! ይሄን ይዩ! ቀለም ምን ያደርጋል? ሂውማን ሄሩን ላንሳውና እንዲሁ ሂጂ።

ትርሲት፦ «የደም ማነስ ነው» ይላቸዋል።

ዘውድነሽ፦ ከየት አምጥቶ?

ትርሲት፦ ካንቺ። ያን ቀን ቤት ስገባ ፀጉር ሠሪዋ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ። «ጎበዝ ሴት ናት፣ ሁሌም እሷ ጋ ነው የምትሠሪው» አለኝ። ለሽማግሌዎቹ ቀድሞ ነግሯቸዋል፤ እሑድ ዕለት ጋሽ ደምሰው «ደም ማነስ አለብሽ፣ ጤናሽም ደህና አይደለም አሉ» ያሉኝ ለዚህ ነው።

ዘውድነሽ፦ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሱቁን ዘግቼ ነው የምሄደው። «ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ ይሄ የእጅ ሥራ ነው» እላቸዋለሁ። ስልክሽ ነው የሚጮኸው?

ትርሲት፦ መልእክት ነው። «የኔ ቆንጆ፣ ለብለብ ክትፎ አዝዤልሻለሁ፣ ሁሉም መጥተዋል። ፀጉርሽን ልቀቂው፣ እንደሱ ነው የምወደው» ይላል።

ዘውድነሽ፦ ልቀቂው? ለመያዣ እንዲመቸው?

ትርሲት፦ ዘውድዬ፣ የማጅራት ማስተካከያ ማሽንሽ ይሠራል?

ዘውድነሽ፦ ይሠራል። ለምን?

ትርሲት፦ ላጪኝ።

ዘውድነሽ፦ ምኑን?

ትርሲት፦ ሁሉንም። እስከ ቆዳው። የተነቀለው ብቻውን ከታየ በሽታ ነው። መተርኮሻው የፈነከተኝ፣ ቁም ሳጥኑ የቀደደኝ፣ ከጆሮዬ ኋላ ያለው፣ አዲሱ ቅርፊት፣ አንድ ላይ ይታዩ። በደም ማነስ የሚፈነከት ሰው አለ?

ዘውድነሽ፦ እኔ አራት ዓመት የተንከባከብኩት ፀጉር ነው። ወገብሽ ላይ ሊደርስ ነው እኮ!

ትርሲት፦ እሱ የሚይዝበት ነው። ከዛሬ በኋላ የሚይዝበት አይኖረውም።

ዘውድነሽ፦ እናትሽ በር ላይ ሲያዩሽ እሪ ይላሉ። የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናት፤ ክትፎ ቤቱ በሙሉ ነው የሚነሳው።

ትርሲት፦ ይነሳ። እሱ ሰው ፊት አይደል የሚወደው?

ዘውድነሽ፦ እርግጠኛ ነሽ? ይሄን ማሽን አንዴ ግንባርሽ ላይ ካስነሳሁት መመለስ የለም።

ትርሲት፦ ቀለሙን ወዲያ አንሺና አስነሺው። ደግሞ ከንፈሬን ያን የቡፌውን ቀይ ቀቢኝ።

ዘውድነሽ፦ እሺ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ። ጋሽ ደምሰው «ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» ቢሉሽ ምን ልትይ ነው?

ትርሲት፦ «ባሌ» እላቸዋለሁ። እሱም ጉርሻውን እንደያዘ ይስማው።