የአራስ ቤት ጢስ

— ሄሎ... አዎ፣ የሙሐመድኑር ሱቅ ነው። ማን ልበል?... ሄሎ፣ አይሰማም... ጠይብዬ፣ አንቺ ነሽ? ከደሴ ነው?... እህትሽ ነኛ፣ ዙህራ፣ ሌላ ማን ይሆናል። ባሌ የለም፣ መደበር ገበያ፣ ወፍጮ ቤት ሄዷል።

— አውቃለሁ፣ አራስ ሱቅ አትወጣም። ስልኩ ያለው እዚህ ነው፣ ምን ላድርግ። አማቴ ልጁን ይዘውልኝ ጓዳ ናቸው። ብቻውን ከተተወ ጅን ይነካዋል ይላሉ... ቶሎ ንገሪኝ፣ ዶክተሩን ጠየቅሽልኝ?

— ቆይ አንዴ... ኣብርሄት፣ ስኳሩ ከታች ነው፣ ከሳሙናው አጠገብ... የቐንየለይ ሓፍተይ... በትግርኛ እያመሰገንኳት ነው፣ ጎረቤቴ ናት፣ ሱቁን ይዛልኝ ነው። እሷን አልፈራም፣ ቀጥይ።

— አስም በደም ይወረሳል አለ?... ሊወረስ ይችላል... የግድ አይደለም? ወላሂ በይ... እሺ። ታዲያ የኔ አስም፣ የአባባ አስም... እሺ፣ እየሰማሁሽ ነው።

— ጡት ብቻ... ውሃም ቅቤም የለም... ቅቤውንማ በተወለደ ዕለት አልሰውታል፣ አንጀቱን ያለሰልሳል ብለው። ከዚያ ወዲህ አላስነካሁም... ሲጋራ? ሙሐመድኑር ያጨሳል፣ ግን ያቅለሸልሸኛል እያልኩ ደጅ አስወጣዋለሁ... ፍራሹ አቧራ አለው፣ ሌላ ሰው ያራግፍልኝ፣ እሺ... ሌላስ?

— ጢስ... ምንም ዓይነት ጢስ? የወይራም?... ጠይባ፣ እሱን እንዳትዪኝ ነበር የፈራሁት።

— ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ነዋ። አማቴ መደበር ቀጥቃጮቹ ዘንድ ምድጃ አሠሩ፣ ከአሮጌ በርሜል። ከሰዓት ሲሆን በሩን ዘግተው፣ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፈው፣ እኔን ከነልጁ ያስቀምጡኛል። አራስ ካልታጠነች ወገቧ አይጠናም ይላሉ። ትንፋሼ ሲያጥር ጉንፋን ነው እላቸዋለሁ። ኪኒኑን ደብቄ ነው የምውጠው።

— ልጁማ ከትናንት ጀምሮ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ጡቱን ሁለት ጊዜ ስቦ ያቋርጣል... ጎኑ? አዎ፣ ሲተነፍስ ይሰረጉዳል... ከንፈሩ አልጠቆረም... ሐኪም ቤት፣ ዛሬውኑ? እሺ... ፈርቻለሁ ጠይባ። እንደ አባባ ተቀምጦ የሚያድር ልጅ ወለድኩ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

— ለአማቴ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ሽማግሌ ሲልኩ እሳቸው አይደሉም ወይ ያስጠየቁት፣ በቤታችሁ በሽታ አለ ወይ ብለው? አጎታችን የለም ብሎ ማለ። አባታቸው በምን ሞተ ሲሉት በወባ አለ። እኔና አንቺ ከመጋረጃው ኋላ ሆነን ዝም አልን... አሁን አታላችሁ ዳራችሁልን ቢሉስ? ሙሐመድኑር ቢፈታኝስ? ልጁን ተቀብሎ በመጣሽበት አውቶቡስ ተመለሽ ቢለኝስ?... አንቺማ እዚያ ሆነሽ ይቀልሻል።

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?... ቆይ። ይሸታል። ጠይባ፣ ጢስ ይሸተኛል። እኔን ሳይጠብቁ አቀጣጥለውታል... ኣብርሄት፣ የጓዳው በር ተዘግቷል እንዴ?... ተዘግቷል አለች።

— ጠይባ፣ ስልኩን አትዝጊው፣ እዚያው ሁኚልኝ... እማማ። እማማ፣ በሩን ይክፈቱት፣ ልጁን ያውጡልኝ... እመጣለሁ፣ መጀመሪያ እሱን ያውጡት... ጉንፋን አይደለም እማማ። አስም ነው። እኔ አለብኝ። አባቴም የሞተው በሱ ነው። ልጁም ከኔ ወርሶ እንደሆነ ጢሱ ይገድለዋል... አዎ። ሽማግሌ ሲመጣም አውቅ ነበር።

— ...ሰምተውኛል። በሩ ተከፈተ። ይዘውት ወጡ፣ እያሳለ ነው። በሻሻቸው ፊቱን እያራገቡለት ነው... እኔን? እኔን አላዩኝም።

— ቆይ፣ አንድ ነገር እያሉ ነው... "ሐኪም ቤት የሚሄደው አውቶቡስ የቱ ነው" ብለው ኣብርሄትን ጠየቋት። እኔን አይደለም፣ ኣብርሄትን... እማማ፣ ይስጡኝ፣ እኔ ልያዘው... እማማ...

— አልሰጡኝም። ባዶ እጄን አይተው አለፉኝ። ወደ ፌርማታው እየሄዱ ነው... አላውቅም ጠይባ። ሊረዱኝ ይሁን ሊቀሙኝ አላውቅም... ጫማ አላደረግሁም፣ ይሁን። ልዝጋው፣ ልከተላቸው።