ላስቲኩ እንዳይነሣ የተባለው የኦክስጅን ማሽን

የቃል ሰጪ መጠሪያ፦ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ (ስማቸው ለብቻው ተይዟል)
ዕድሜ፦ 51
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ
ቃል የተሰጠበት፦ ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ቃል ሰጪዋ የግምጃ ቤቱን በር ማን እንደሰበረው ተጠይቄ፣ ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር እኔው ነኝ ብያለሁ። የሰበርኩት ለሌብነት አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላሱ ከመቀሱ ስለሚፈጥን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል። እናታችን ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበርና ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እሑድ ጠዋት ትንፋሽ አጥሮት ደግፌ ሆስፒታል አስገባሁት። ነርሷ ኦክስጅን እንደሚያስፈልገው፣ ነገር ግን ያለው ሲሊንደር ሁሉ በሌሎች በሽተኞች መያዙን ነገረችኝ። እሱም እያቃሰተ «እታለም፣ እዚህም ወረፋ አለ? እኔ እንኳ ደንበኛ እንዲህ አላስጠብቅም» አለ። ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

የክልሉ ጤና ቢሮ ከፌዴራል ለወረርሽኙ በተላከ የድጋፍ ገንዘብ ስድስት የኦክስጅን ማሽን መግዛቱን አውቃለሁ፤ ከመኪና ሲወርዱ አይቻለሁ። ከነተጠቀለሉበት ላስቲክ ግምጃ ቤት ከገቡ ወር አልፏቸዋል። የንብረት ኃላፊውን ሄጄ ለመንኩት። የፌዴራል እንግዶች ሰኞ መጥተው ሳያዩ እንደማይነካ፣ ላስቲኩ ከተነሣ ቢሮው ያገለገለ ዕቃ ገዛ ተብሎ ገንዘቡ እንደሚመለስ ገለጸልኝ። «ሰው አፈር ሊገባ ነው፣ አንተ ለላስቲክ ትጨነቃለህ?» ብዬዋለሁ። የጨዋ ንግግር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አልመልሰውም።

አመሻሹ ላይ በብረት ዘንግ ቁልፉን ገንጥዬ አንዱን ማሽን እየገፋሁ አመጣሁ። ነርሷ ከየት መጣ ሳትል ሰካችለት። እሷ ጥፋት የለባትም፤ ይህ ይጻፍልኝ። የወንድሜ ከንፈር ቀላ። ሾርባ ጠጣ። ስለ ደንበኞቹ ማውራት ሲጀምር «ትንፋሽህን ቆጥብ» አልኩት። «ለምን? አንቺ አምጥተሽልኝ የለ!» አለኝ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ኃላፊው መጣ። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው፣ ስድስት ተብሎ አምስት ከተገኘ ሁላችንም አለቀልን፣ አይተው እስኪወጡ ብቻ ስጡኝ አለ። ነርሷ አይሆንም አለች። እሱ በልጆቹ ማለ። ወንድሜም «ስጫቸው እታለም፣ ከሥራሽ እንዳያባርሩሽ። ትንሽ እችላለሁ» አለ። ቱቦውን ከአፍንጫው ያነሣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። እጄ ይቆረጥ! ምነው እምቢ ባልኩ።

ማሽኑን ወልውለው ላስቲኩን መልሰው አለበሱት። ንግግሩ ረዘመ፤ ጭብጨባው መኝታ ክፍሉ ድረስ ይሰማ ነበር። ወንድሜ አንድ ወሬ ጀመረልኝና መሐል ላይ አቃተው። ሮጥኩ። ግምጃ ቤቱ ስደርስ ዋናው እንግዳ እጁን ማሽኑ ላይ አሳርፎ «ሙቀት አለው! እየሠራ ነው ማለት ነው፤ በርቱ» ሲል ሰማሁ። አጨበጨቡ። እኔ «ወንድሜ!» ብዬ ስጮኽ ጥበቃዎቹ ወደ ውጭ ገፉኝ። ነርሷ ማሽኑን በጉልበቷ ነጥቃ ስትመጣ የወንድሜ ሕይወት አልፎ ነበር። የጀመረልኝን ወሬ መጨረሻ አላወቅሁም።

የተጻፈው ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት ሳይጨመር ሳይቀነስ መሆኑን አይቼ ፈርሜያለሁ። ስለ በሩ የተጠየቅሁትን ሁሉ መልሻለሁ። ስለ ወንድሜ የጠየቀኝ የለም።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________