ለአጥቂው ያልተመታው ከበሮ

ሰው የሚሸሸውን ሰው የሚያገኘው መሸሻ በሌለበት ቦታ ነው። ጋሽ ከበሮም የወንድማቸውን ልጅ ያገኟት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መላወሻ በጠፋበት አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ያን የሚያህል ከበሮ ታቅፈው ሲገቡ የተረፈው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አጠገቧ። ወርደው ሌላ እንዳይጠብቁ ሹፌሩ በሩን ዘግቶታል። ምን ይደረግ፣ ተቀመጡ።

ጋሽ ከበሮ ሥራቸው ጫማ ሰፊነት ነው፤ ጣቶቻቸው ከቀለምና ከሙጫ ተላቀው አያውቁም። እውነተኛ ስማቸውን ግን ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የክለባቸውን ደጋፊዎች ጭፈራ ሲመሩ ኖረው የከበሮው ስም በላያቸው ቀረ። ጨዋታ ሊጀመር ሲል ከበሮውን ሁለት ሁለቴ እየመቱ የአሥራ አንዱን ተጫዋቾች ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ሕዝቡም ስሙን ተቀብሎ ያስተጋባል። እሳቸው ስሙን ያልጠሩት ተጫዋች ሜዳ የገባ አይመስለውም።

የወንድማቸው ልጅ የስፖርት አስተማሪ ናት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስታዲየም ጎናቸው እየተቀመጠች ነው ያደገችው፤ ዝናብም ፈተናም አስቀርቷት አያውቅም። አሁን ግን ሁለት ሳምንት ቀረች። ለምን እንደቀረች ልባቸው ስለሚያውቀው ነው ሲሸሿት የከረሙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብረቅ የሚባለው የክለቡ አጥቂ አንድ ቀን ለልምምድ ሲመጣ የስታዲየሙ ዘበኛ መታወቂያ ጠየቀው። ዘበኛው በዕድሜ የገፋ፣ የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ሰው ነው። መብረቅ ደፈረኝ ብሎ በጥፊ አጮለው። ያየው ሰው ብዙ ስለነበር ክለቡ መካድ አልቻለም፤ አጥቂውን ሁለት ጨዋታ ቀጣው። ደጋፊው ደግሞ፣ በጋሽ ከበሮ መሪነት፣ ሜዳ ያልገባውን ሰው ስም ከወትሮው አብልጦ ሲጠራ ሰነበተ። መብረቅ ቅጣቱን ጨርሶ የሚመለሰው ዛሬ ነው።

ሁለቱ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ አባቷ ወገብ ተጠያየቁ። ጋሽ ከበሮ ግን አዲስ ግጥም ሆዳቸው ውስጥ የሚያድርላቸው ሰው አይደሉም። ሳምንቱን ሙሉ ሶል ሲለጥፉ የቋጠሩትን ከበሮውን በጣታቸው እየነካኩ አሰሟት፦

«አላሳልፍ ብሎ ቢገተር ከበሩ፣
መብረቅ ሲወርድበት ዞረበት ምድሩ።»

«ግጥሙ ቤቱን ይመታል፤» አለች አስተማሪዋ በትሕትና። «ግን ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲለው ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል እኮ።»

«ይስማዋ! ጨዋታ ነው። ደግሞስ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም፤ እሱም አንድ ነገር ብሎት ይሆናል።»

«ለጭብጨባ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ለጥፊ ግን አንዱ ይበቃል።»

ከፊታቸው የተቀመጡ ሴትዮ ሳይጠየቁ ሳቁ። ጋሽ ከበሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክርክር ከተነሳ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ደጋፊ ማለት በክፉ ቀን ያልሸሸ ማለት እንደሆነ፣ የቤት ገመና አደባባይ እንደማይወጣ፣ ያለ መብረቅ ሁለት ጨዋታ እንዴት እንደተንከራተቱ አንድ በአንድ አስረዷት። በመጨረሻም አሸናፊ ነው ያሉትን ማስረጃ አወጡ።

«ስሚኝ ልጄ፣ የመታው እጁ ነው፤ ጎል የሚያገባልን እግሩ ነው። እኛ የምንደግፈው እግሩን ነው።»

«እጁንና እግሩን አንድ ሰው ነው ይዟቸው የሚዞረው፣ ጋሼ። አንድ ደንበኛ ሱቅዎ ገብቶ ረዳትዎን በጥፊ ቢመታው፣ ጫማው ጥሩ ነው ብለው ይዘፍኑለታል?»

ጋሽ ከበሮ ረዳታቸውን አሰቡት። አንድ ዓይና፣ ትዕግሥተኛ፣ ወስፌ ሲወጋው እንኳ የማይሳደብ ሰው ነው። ያንን የነካ ደንበኛ በመዶሻ ነው የሚወጣው።

አስተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ከተማሪዎቿ አንዷ፣ ከሁሉም የምትጎብዘው፣ ኮሪደሩ ገና እርጥብ ነው ያለቻትን የጽዳት ሠራተኛ ገፍትራ አለፈች። ተጠርታ ስትገሠጽ፣ «መብረቅ መትቶ ስሙ ተጠራለት አይደል?» ብላ መለሰች። ክለቡም ቢሆን ደጋፊው የጨመረለት ይመስለዋል እንጂ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ እየቀሩ ነው። የሚጮኸው ይሰማል፤ የሚቀረው ግን ሳይሰናበት ነው የሚሄደው።

«እንዳንቺ?» አሉ ጋሽ ከበሮ።

«እንደኔ። ክለቡን አልተውኩም፤ ዛሬም ሲሸነፍ እራት አይበላልኝም። ግን እርስዎ ለጥፊ ሲዘፍኑ አጠገብዎ መቀመጥ አቃተኝ። የሚወድ ሰው እያስለቀሰም ቢሆን እውነቱን ይናገራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ልጁን እንጣለው?»

«ማን ጣሉት አለ? ሽማግሌውን ይቅርታ እስኪጠይቅ ስሙን አይጥሩለት። ከዚያ እኔም አብሬ እጠራለሁ።»

የቅዳሜ ልምምድ ስለነበራት ትምህርት ቤቷ ጋ ወረደች። እዚህ ላይ የሰው ጠባይ እንግዳ ነው፤ አፍ የተረታውን ልብ ቶሎ አይቀበለውም። ጋሽ ከበሮ የቀረውን መንገድ ሁሉ በሆዳቸው ሲከራከሯት ሄዱ፤ እሷ በሌለችበትም ረታቻቸው።

ስታዲየሙ በር ላይ ዘበኛው ቆሟል። እንደ ሁልጊዜው ከበሮውን በአንድ ጎን ይዞ በጠባቡ በር አዘንብሎ አሳለፈላቸው።

«አዲስ ግጥም አለ ሲሉ ሰማሁ፤» አለ ፈገግ ብሎ። «በግጥም እኮ የሚያህልዎት የለም።»

ስለ ማን እንደተገጠመ አልሰማም። የጋሽ ከበሮ ፊት እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋለ። ፊት ለፊቱ ቆመው አንዷን ስንኝ ማለት እንደማይችሉ ያን ጊዜ አወቁት፤ ፊት ለፊት የማይባል ነገር ደግሞ በሺህ ሰው ድምፅ ሲባል ጀግንነት አይሆንም። ገና አላለቀም አሉት፤ ገቡ።

የስም ጥሪው ደረሰ። ከግብ ጠባቂው ጀምረው አሥሩን ጠሩ። አሥራ አንደኛው ላይ ዱላውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ስታዲየሙ ጠበቀ። መብረቅ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ እሳቸው አየ።

«ከበሮው ተቀደደ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ጋሽ ከበሮ ተነሡ። «ከበሮውም ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ልጁ ልጃችን ነው፤ ግን በር ላይ የቆመውን ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ በእኔ አፍ ስሙ አይጠራም።»

ተሰደቡ። ከሃዲ ተባሉ። ከበሮውን ሊነጥቋቸው የተነሡም ነበሩ፤ ግን ያንን ከበሮ እንዴት እንደሚመቱ የሚያውቅ ስላልነበረ ተመልሰው ተቀመጡ። የዚያን ቀን ጎል ያገባው ማንም ግጥም ገጥሞለት የማያውቅ ተከላካይ ነው።

በሚቀጥለው ጨዋታም አልጠሩም። አስተማሪዋ ግን መጥታ ጎናቸው ተቀመጠች፤ እሳቸውም ስድቡን ከዚያ ወዲያ አልሰሙትም። ያቺ ጎበዝ ተማሪ የጽዳት ሠራተኛዋን ሄዳ ይቅርታ መጠየቋን ነገረቻቸው። እውነትም ነው፤ ደጋፊ እኩይ ሥራን መሸፈን ሲተው ክለቡ አይፈርስም። ተጫዋቹ ከሰው በላይ እንዳልሆነ ይማራል፣ ወላጅ ልጁን ይዞ ሳያፍር ይመጣል፣ በር ላይ የቆመውም ሰው ቀና ብሎ ይውላል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መብረቅ ጓደኞቹን አስከትሎ በሩ ላይ ደረሰ። ማንም ሳይጠይቀው መታወቂያውን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠ፤ ጎንበስ ብሎም፣ «አባቴ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ፤» አለ። ዘበኛው መታወቂያውን ፊቱንም ጀርባውንም በደንብ መረመረ።

«ፎቶው ላይ ትንሽ ከስተሃል፤» አለ። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግባ።»

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ከበሮ አሥሩን ስም ጠርተው ሲያበቁ ዱላውን አነሡ። ሁለቴ መቱ። አሥራ አንደኛውን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እንባ ተናነቃቸውና ድምፃቸው ጠፋ። ሳይዘገይ ስሙን ከአጠገባቸው አስተማሪዋ ጠራችው፤ ሕዝቡም ከእሷ ተቀበለ።