ከሻምበል አሰግድ ሽጉጥ የቀረው

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። የድሮ የፖሊስ ሽጉጦች ሰብሳቢው ደምሰው፣ የሟች ባላቸውን የሻምበል አሰግድን ሽጉጥ ባለፈው ክረምት የሸጡለትን ወይዘሮ የሺመቤትን በረንዳቸው ላይ ይለማመጣቸዋል፤ ያስቀሩትን የጥይት ካዝና እንዲሰጡት።)

ደምሰው፦ እትዬ፣ ምን ያደርግልዎታል? ባዶ ቆርቆሮ እኮ ነው፤ አንድ ጥይት እንኳ የለውም።

የሺመቤት፦ ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ አንተን ምን ያስለምንሃል?

ደምሰው፦ ካዝናው ላይ ያለው ቁጥርና ሽጉጡ ላይ ያለው አንድ ነው። ለሰብሳቢ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሌሎቹ ሁሉ ከነካዝናቸው መስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። የሻምበል ብቻ ሆዱ ባዶ።

የሺመቤት፦ ሽጉጡን ሸጥኩልህ። ካዝናውን አልሸጥኩልህም። በቃ።

ደምሰው፦ በእናትዎ!

የሺመቤት፦ እናቴን ተዋት፣ ነፍሷን ይማር። ለመደርደሪያ ብለህ በዚህ ሙቀት እየተመላለስክ አትለምነኝም። ደግሞ ከስተሃል። እውነቱን ንገረኝ።

ደምሰው፦ ይስቁብኛል።

የሺመቤት፦ ልሳቅ፤ ከሳቅሁ ሰንብቻለሁ።

ደምሰው፦ ሽጉጡ ድምፅ ያሰማል። መብራት ልናበራ ስንል፣ ከተቆለፈበት መስታወት ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ! አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አጠመድኩ። ጸበልም ረጨሁ። ምን ላድርግ? ካዝናውን እየፈለገ ይሆናል ብዬ ነው።

የሺመቤት፦ በስመ አብ!

ደምሰው፦ አብደሃል ይበሉኛ።

የሺመቤት፦ አላበድክም። አሰግድ ነው።

ደምሰው፦ ኧረ እትዬ፣ እባክዎ!

የሺመቤት፦ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ቆሞ ካዝናውን ይነቅልና ሽጉጡን ሁለት ጊዜ ያቀባብላል፣ ባዶ መሆኑን እኔ እንዳይለት። ከዚያ ካዝናውን እጄ ላይ ያስቀምጣል። በግራዬ ነው የምቀበለው፤ ቀኜ ማማሰያ ይዟል። ሽጉጡ እሱ ጋ፣ ካዝናው እኔ ጋ ያድራል። ለልጆቹ ብሎ ነበር የጀመረው፤ አድገው ከሄዱም በኋላ አልተወው። ተኳርፈን እንኳ፣ አፍ ሳንከፍት፣ እጄን እዘረጋለሁ።

ደምሰው፦ ከሞቱስ በኋላ?

የሺመቤት፦ መች ተወው! ይሄው እዚህ በር ላይ፣ ልክ ሲመሽ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! ፈራሁ፣ ደምሰው። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው የኖርኩትን ሰው ፈራሁት! ለዚያ ነው የሸጥኩልህ።

ደምሰው፦ አይነግሩኝም ነበር?

የሺመቤት፦ ብነግርህ ትገዛ ነበር?

ደምሰው፦ ጉድ ሠሩኝ! እዚህስ አሁን ዝም አለ?

የሺመቤት፦ ዝም አለ። ተገላገልኩ ስል ዝምታው ባሰብኝ። በሩን ሳዳምጥ እራቴ ይቀዘቅዛል። ካዝናውን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው። እሱንም ከሰጠሁህ ምን ቀረኝ?

ደምሰው፦ የእኔስ ቤት? ሰናይትን አያዩልኝም?

የሺመቤት፦ ሚስትህ ምን ሆነች?

ደምሰው፦ መጀመሪያ ትጮህ ነበር። አሁን ድምፁን ስትሰማ የያዘችውን ትታ ትነሳለች። መስታወቱ ፊት ሄዳ ትቆማለች። ምን ሆንሽ ስላት፣ እኔ እንጃ ትለኛለች።

የሺመቤት፦ ቆማስ?

ደምሰው፦ እጇን ትዘረጋለች።

የሺመቤት፦ የቱን እጇን?

ደምሰው፦ ግራዋን። መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ።

የሺመቤት፦ ነጠላዬን አቀብለኝ።

ደምሰው፦ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ! ካዝናውን ሊያመጡልኝ ነው?

የሺመቤት፦ ሽጉጤን ልወስድ ነው። ተነስ፣ ሳይመሽ እንድረስ፤ ዛሬ እጄን የምዘረጋው እኔ ነኝ።