የኦቦ ዲሪርሳ ፓውዛ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በቡራዩ ከግድቡ ዳር ባለው ሰፈር፣ ኦቦ ዲሪርሳ ደጃቸውን መጥረጋቸው ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ።

የጠረጉት የሞተ ትንኝ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲሞቅ ትንኙ ከግድቡ እንደ ጭስ ይነሣል፤ ማታ ግድግዳ ይለብሳል፣ ጠዋት ደጃፍ ላይ ይከመራል። በሰፈሩ ግን ትንኝ አለብኝ የሚል ሰው አልነበረም። ሁሉም ጎረቤቱ ሳይነቃ ይጠርግና ከአጥር ጀርባ ይደፋል። ኦቦ ዲሪርሳም ጆንያቸውን ተሸክመው ጥግ ሲዞሩ፣ እሷም ጆንያ ከያዘች ከጎረቤታቸው ልጅ ከኤቢሴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ኤቢሴ የባዮሎጂ መምህርት ናት።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» አለች፣ እንዴት አደሩ ስትል።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ቅጠል ነው» አሉ ሳይጠየቁ።

«የእኔ ትንኝ ነው» አለች ኤቢሴ።

ኦቦ ዲሪርሳ ጆንያቸውን መሬት አስቀመጡ። በነጋታው ልጃቸውን ጂጂን ለትዳር ሊጠይቁ ከሰበታ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አምና በዚሁ ወቅት መጥተው፣ ግማሽ ሰዓት አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀምጠው፣ የመጡበትን ሳይናገሩ ሄደዋል። አባት «ቤቴን ንቀው ነው» እንዳሉ ዓመቱ አለፈ።

«ዘንድሮ አላፍርም» አሉ። «ደጄ ላይ ፓውዛ አስተክያለሁ። ጅብም ሌባም ብርሃን ይሸሻል፤ ትንኝ ምን ቆርጦት!»

«እና ሸሸ?»

«በዛ። ለዚህ ነው ሁለተኛ የምጨምረው።»

በኦቦ ዲሪርሳ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ሰፈሩ በሙሉ ያሰበው እንዲሁ ነው። ትንኝ ሲበዛ አምፖል ይጨመራል፤ አምፖል ሲጨመር ትንኝ ይበዛል፤ ያኔ አሮጌ ጎማ ይጨሳል፣ ሕፃናት ሲያስሉ ያድራሉ።

«ኦቦ፣ ይህ ትንኝ ብርሃን ይወዳል። እየጠሩት ያሉት እርስዎ ነዎት። ደግሞ አይናከስም፤ ካደገ በኋላ የሚበላበት አፍ እንኳን የለውም።»

«አፍ የሌለው ፍጥረት ታዲያ የእኔ አፍ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ፓውዛ ሥር ቆመው ስለሚያወሩ ነው።»

«መድኃኒትስ ብንረጭበት?»

«ገና ትል ሳለ ዓሣ ይበላዋል። ዓሣውን ከገደልን ማን ሊበላልን ነው?»

«እሺ፣ መምህርት፣ ምን ላድርግ?»

«በግድቡ በኩል ያለ መብራት ሁሉ ይጥፋ። ቤት ውስጥ ቢጫ አምፖል ይሁን፣ መጋረጃም ይውረድ። ፓውዛውን ውሃው ዳር እንትከለውና ሥሩ ሸራ እናንጥፍ፤ እዚያው ይውረድ። ብቻዎን ግን አይሆንም፤ ጎረቤት ካበራ ተመልሶ ይመጣል።»

«በሽማግሌ ቀን ደጄን አጨልሜ? የቆጣሪ ካርድ አልቆበት ነው ይሉኛል እኮ!»

«ጂጂን ይጠይቋት፤ ጨለማው ነው ወይስ እንደ አምናው መመለሳቸው የሚብሰው?»

ጂጂን አልጠየቋትም። ባርኔጣቸውን አድርገው ቤት ለቤት ዞሩ። «እኔ ቤት እንኳን ትንኝ የለም» ያላለ አልነበረም፤ መብራት ለማጥፋት ግን ሁለት ጊዜ የተለመነ የለም።

ቅዳሜ ማታ ተሞከረ። እሑድ ጠዋት ከሸራው ላይ ሦስት ጆንያ ትንኝ ተዛቀ፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች ለዶሮዎቻቸው ወሰዱት። ደጃፉ ሁሉ ንጹሕ ነበር። ጎማ አልጨሰም፣ ያሳለ ልጅም አልነበረም። ኦቦ ዲሪርሳ የኤቢሴን ግንባር ሳሙ።

«ገለቶሚ፣ ልጄ። ስልሳ ዓመት ውሃ ዳር ኖሬ የውሃውን ነገር የሰማሁት ካንቺ ነው። ያስተማረሽ ይባረክ።»

የሰበታ ሽማግሌዎች መንገድ ተዘጋግቶባቸው ሲደርሱ መሽቶ ነበር። በቢጫው ብርሃን ተቀመጡ። ስለ አዝመራው ተወራ፣ ስለ መንገዱ ተወራ።

«አምና እንኳን ቸኩለን ነበር» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ሊቤ።

«እኛም እኮ አልተዘጋጀንም ነበር» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

ትንኝ በስሙ አልተነሣም።

በመጨረሻ ኦቦ ሊቤ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ከደኑና፣ ከመዳፋቸው ሥር «ልጃችሁን ለልጃችን...» አሉ።



ሽማግሌው ጣቶቻቸውን ትንሽ ከፈት አደረጉ። ግራ ቀኝ አዩ። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። አጠገባቸው ያሉት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ።

«ይቀጥሉ፣ ኦቦ፤ እየሰማን ነው» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ፣ የራሳቸውን እጅ ከአፋቸው እያነሡ።