ሰልፍ የጣሰው ሰውዬ

ታክሲያችን ከቡራዩ ተነስቶ ትንሽ እንደሄደ አንድ ሽማግሌ ተሳፈሩ። ከፊቴ ያለችው ወጣት በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብላ ሰላምታ ሰጥታ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው።

«አባባ፣ አመለጠዎት እኮ። አንዱ ሰልፍ ጥሶ ሊገባ ሲል አዋርደን አባረርነው።»

«ምን አላችሁት?»

«ያላልነው የለም። እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩበት፣ ቪዲዮም ቀረጽኩት።»

«አንቺን ቀድሞሽ ነው?»

«ኧረ እኔ ያኔ መድረሴ ነበር። ጓደኛዬ መሃል ላይ ቦታ ይዛልኝ ገባሁ።»

«ሰዉ ዝም አለሽ?»

«ሊጮሁብኝ ጀምረው ነበር። እሱ ሲመጣ ቀድሜ ጮህኩበት፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።»

«ገላገለሽ በይኛ።»

ከኋላዋ ተሰልፌ አብሬያት የጮህኩት እኔ፣ መውረጃዬ ሲደርስ አፍሬ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።